ስለ እኔ ውፍረትና ስለ ልጄ ምሳ ለሰልፍ ኮሚቴው የቀረበ ሂስ

ለተከበሩ ጓድ አምባዬ ሆራ
የቀበሌያችን የበዓል ዝግጅትና የሰልፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ናዝሬት
ሚያዝያ ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። የሚያዝያ ሙቀትና የናዝሬት አቧራ ለመፈክር የሚፈለገውን ጉሮሮዎን እንዳልነካብን፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ መመላለሱም ጉልበትዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እንደሆንኩ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ የሚያመኝ ቦታ የለም ለማለት ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ቢቆነጥጡኝ እንኳ የሚሰማኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በንዴት የተጻፈ ነው ብለው እንዳይጠረጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

ለመጻፍ የደፈርኩት እርስዎው ስለፈቀዱልን ነው። በመጋቢት ወር በቀበሌያችን አዳራሽ በር ላይ ያንን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የሂስና ግለ ሂስ ሰሌዳ ሲያቆሙ፣ ሰፊው ሕዝብ ያለ አንዳች ፍርሃት ቅሬታውን ጽፎ እንዲለጥፍ፣ ለምን ለጠፍክ ተብሎም ማንም እንደማይጠየቅ በራስዎ አንደበት ቃል ገብተውልናል። ከዚያ ወዲህ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ፍየል የጠፋባቸው ሰውዬ ማስታወቂያ ብቻ መሆኑን ሳይ አዘንኩልዎ፤ ይህን ያህል የተለፋበት ሰሌዳ ለአንዲት ፍየል ብቻ መቅረት የለበትም ብዬ ተነሳሁ። ጎረቤቴ ቶይባ፣ አንቺ እህቴ ተይ፣ ነገር በእጅሽ አትጎትቺ፣ ይቅርብሽ ብላ ለምናኛለች። ባለቤቴ ገመቹ ፈይሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና አሁን አሰብ መንገድ ላይ ነው፤ ቢኖር ኖሮ እሱም ወረቀቱን ቀዶ ይጥለው ነበር። እኔ ግን ፍርሃቴን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኛል፤ ብፈልገው ብፈልገው አላገኘሁትም።

ስሜ የሺዓለም ቀነዓ ይባላል። በስሜ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ባለፈው መስከረም፣ አብዮቱ አሥር ዓመት በሞላው ዕለት፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭና፣ የባላባት ሚስት ሆና በከተማው መሐል ያለፈችው ወፍራም ሴት እኔ ነኝ። አሁን አስታወሱኝ መሰለኝ። የማቀርበው ጉዳይ አንድ ነው፤ እሱም የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ የለሊሴ ምሳ ነው። ልጄ መብላት ትታለች። ይህንን ሊያስተካክል የሚችል ሰው ደግሞ ከእርስዎ በቀር አላገኘሁም። ነገሩ ከሩቅ ስለሚጀምር ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስከትዬ አቀርባለሁ፤ ተራ ቁጥር የሌለው ወረቀት አያነቡም ሲባል ሰምቻለሁና።

1ኛ. በመጀመሪያ የሰልፉን ልብስ በተመለከተ ያለኝን ምስጋና ልግለጽ። ልብስ ሰፊው ራህመቶ ሜትሩን በአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የእያንዳንዳችንን ልክ ሊወስድ ሲነሳ፣ እርስዎ በእኩልነት ዘመን ሴት ከሴት በምን ትበልጣለች፣ ለሁሉም በአንድ ልክ ይሰፋ ብለው እንዳዘዙት ራሱ ነግሮናል። ለናሙና የተወሰደው ልክ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ራህመቶ ሲጠየቅ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ይስቃል እንጂ አይናገርም። ብቻ ልብሱ መጣ፤ እንደተባለውም እኩል ሆነ፤ ለአንዳችንም ግን ልክ አልሆነንም። ቶይባ ስትለብሰው ልብሱ ቀድሞ ይሄድና እሷ ኋላ ትደርሳለች። እኔ ክንዴን ብቻ አስገባሁት፤ የቀረው ሰውነቴ ደጅ ቀረ። እናቴ ወይዘሮ ጉዲቱ ይህንን አይታ፣ ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ ይሰፋል እንዴ ብላ ጠየቀች። እሷ ከወለንጪቲ የመጣች ገበሬ ናትና፣ ገና ያልነቃች ስለሆነች ይቅር ይበሏት።

2ኛ. ቀጥሎ በኳስ ሜዳው ላይ ስላደረጉት መለየት። ከበዓሉ በፊት በነበረው እሁድ የቀበሌውን ሴቶች ሁሉ በአንድ መስመር አቁመው፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ ሲመለከቱን፣ በወለንጪቲ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆ አያይም። ወፍራሞቹን በቀኝ አቆሙ፤ ቀጫጮቹን በግራ አቆሙ፤ መካከለኞቹን ለሰልፉ ያዙ። አብዮቱ የሚፈልገው መካከለኛ ሴት መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ የነገረን አልነበረም፤ ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ እየተጠጋጋን እንኳ እንሞክር ነበር።

ቀጫጮቹን ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው። ቶይባ ጋ ሲደርሱ ለጸሐፊዎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይህችን አርቁልኝ፣ ድርቅ ታስመስላለች፣ እንግዶች ይመጣሉ ማለትዎን በዙሪያው የነበርን ሁሉ ሰምተናል። በዚያን ጊዜ ድርቅ የሚለውን ቃል አደባባይ ላይ የሚያነሳ ሰው አልነበረምና፣ መጀመሪያ ከእርስዎ አፍ በመስማታችን ታድለናል።

ቶይባ፣ ክቡር ሆይ፣ የተራበች ሴት አይደለችም። የጨርቅ ነጋዴ ባሏን ሀሰንን ተከትላ ከወሎ ስትመጣም እንዲሁ ቀጭን ነበረች፤ ልጆች ወልዳም እንዲሁ ናት። በሷ አገር ወገበ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሴት ይዘፈንላታል፤ ሀሰን ዛሬም ቢሆን ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እሷ በመንገዱ ብቅ ስትል ጨርቅ መለካቱን ይተዋል። በእናቴ አገር ደግሞ ሚስቱ የቀጠነችበትን ሰው ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ ምን ነካት፣ አታበላትም ወይ ይሉታል። ባለቤቴም ከአሰብ ሲመለስ ጓደኞቹን ይዞ የሚገባው እኔን ሊያሳይ ነው፤ ሹፌር ወር ሙሉ መንገድ ላይ ኖሮ ሚስቱን ደልቷት ካገኛት፣ ቤቱ ደህና ሰንብቷል ማለት ነው። እኔና ቶይባ በአንድ አጥር እየኖርን፣ እሷ የእኔን ክንድ እየዳሰሰች ማሻአላህ ስትል፣ እኔም የእሷን ወገብ እያየሁ ታድለሽ ስላት ዓመታት አልፈዋል። ሁለታችንም ጥፋተኞች መሆናችንን ያወቅነው በዚያ እሁድ ነው።

3ኛ. አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ወፍራሞቹን በቀኝ ካቆሙ በኋላ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ከእነዚህ መካከል በሰውነቷ ከሁሉ የምትበልጠውን እናንተው ምረጡ፣ ምርጫው የሰፊው ሕዝብ ነው አሉ። ለምን እንደምትፈለግ ግን አልተናገሩም። እርስዎ ከሌላ ቦታ ተመድበው የመጡ ሰው ስለሆኑ ላያውቁ ይችላሉ፤ በእኛ ሰፈር ወፈርሽ ማለት ስድብ አይደለም። ወፈርሽ ማለት አማረብሽ፣ እግዜር አየሽ ማለት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ለክብር እንግዳው አበባ የምትሰጥ ሴት እየተመረጠች ነው ብለው አሰቡ። በአንድ አፍ የሺዓለም ናት፣ የሺዓለም ትውጣ አሉ። ተቀናቃኝ የነበረችውን ሴት ደግሞ፣ እሷ የሚያምርባት ከወገቧ በታች ብቻ ነው ብለው ጣሏት። አጨበጨቡልኝ። እናቴ ጥግ ላይ ቆማ እልልታውን አቀለጠችው። ቶይባ እንኳ ከተባረረችበት ዳር ሆና ታጨበጭብ ነበር። ልጄ ለሊሴ ከአጥሩ ውጭ ከጓደኞቿ ጋር ስታይ ቆይታ፣ እናቴ ተመረጠች እያለች፣ እየዘለለች ወደ ቤት ሮጠች። እኔም ልዋሽዎ አልችልም፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደስ ያለኝ ቀን ስለሌለ ስለዚያች ቀን አመሰግንዎታለሁ።

እልልታው የበዛበት ምክንያት አለው፤ እሱንም ላስረዳዎ። በሰኔ ወር ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። ስም ሳይወጣለት ሞተ። እናቴ አራስ ልታስታምም ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ይዛ ከወለንጪቲ መጥታ ነበርና፣ ልጁ ቢቀበርም አራስ አራስ ናት ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በእኛ ዘንድ አራስ ከስታ ከቤት ከወጣች ውርደቱ የእናቷ ነው፤ የጎረቤቶቿም ነው። የሰፈሩ ሴቶች በየተራ ቅቤ አመጡ፤ ቶይባ አጃና ማር አመጣች። ቅቤ እንዴት እንደተወደደ እርስዎም ያውቃሉ፤ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ነው ያመጡልኝ። እናቴ በማንኪያ እያጎረሰች «ኛዹ» ትለኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ብዪ ማለቷ ነው። ሌላ ቃል አልነበራትም። እኔም የማለቅስበት አቅም አልነበረኝምና በላሁ። ጠዋት በላሁ፤ ማታ በላሁ። አፌ ይበላል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ክረምቱ ሲወጣ ቀሚሴ አልዘጋ አለኝ፤ ሴቶቹም ሲያዩኝ፣ ተመስገን፣ ሐዘኑ አልጣላትም አሉ። በኳስ ሜዳው ላይ ያጨበጨቡት ለዚህ ነው። እኔን ብቻ አልነበረም የመረጡት፤ ቅቤያቸውንም ነው።

4ኛ. የምርጫውን ምክንያት በማግስቱ በውይይት ክበብ ላይ ገለጹልን። ከፊት አቁመውኝ፣ በመምህር ጠቋሚ እንጨት ወደ ሆዴ እያመለከቱ፣ ይህ ስብ የማን ላብ ነው ብለው ተሰብሳቢውን ጠየቁ። ከዚያም በበዓሉ ዕለት ያለፈውን ሥርዓት የሚያሳይ ትርኢት እንደሚኖር፣ እኔም የባላባት ሚስት ሆኜ በመኪና ላይ እንደምቀመጥ፣ ይህም ታላቅ ኃላፊነት መሆኑን አስረዱኝ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ለጥያቄዎ መልስ የሰጠ ስላልነበረ፣ ዘግይቼም ቢሆን ዛሬ እኔ እመልሳለሁ፤ ላብ አይደለም፣ የወለንጪቲና የጎረቤት ቅቤ ነው። እናቴ የካድሬ አማርኛ ስለማይገባት፣ ወደ ቤት ስንመለስ አበባውን መቼ ነው የምትሰጪው ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት።

እምቢ ማለት ትችዪ ነበር የሚሉኝ አሉ። እምቢ ያለ ሰው የት እንደሚያድር እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፤ በዚህ እንኳ አንለያይም።

5ኛ. ስለ በዓሉ ዕለት ብዙ አልልም። ከተወረሰ ቤት የመጣ ካባ አለበሱኝ፤ በአንገቴ ላይ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ወርቃማ ወረቀት በክር ሰክተው አሰሩልኝ። ባላባት እንዲሆን የታዘዘው ልብስ ሰፊው ራህመቶ ነበር፤ በቀበሌያችን ሥልጣን የሌለው ወፍራም ወንድ ስላልተገኘ፣ ከእኛው ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሸሚዙ ውስጥ ጠቅጥቀው ሆድ ሰጡት። የእኔ የራሴ ነበርና ምንም አልተጨመረልኝም። ከባቡር ጣቢያው ተነስተን ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ራህመቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እሱን ማን ጠየቀው?

የትምህርት ቤት ልጆች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነበር። መኪናችን ፊታቸው ሲደርስ ግራ እጃቸውን ጨብጠው እያነሱ «ይውደም! ይውደም!» እንዲሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኑ ሰንብተዋል፤ ለሊሴም ጓሮ ሆና ስታጠና ሰምቻታለሁ። በመኪናው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ግን አልነገርኳትም፤ አያቷ ስለ አበባው የነገረቻትን ይዛ ነው የወጣችው። ስንቀርብ አየኋት፤ አንገቷን አስግጋ የክብር እንግዶቹ ወደተቀመጡበት ወደ መድረኩ እያየች እኔን ትፈልጋለች። ከዚያ መኪናው ደረሰ፤ ዞር አለች፤ አየችኝ። መምህሯ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። እጇ ከሌሎቹ ዘግይቶ ተነሳ፤ አፏም በሰፊው ተከፈተ። በጩኸቱ ውስጥ ድምፅዋን አልለየሁትም፤ የምትለውን ግን ከአፏ አነበብኩት፤ አፍ ያስፈታኋት እኔ ነኝና።

በልጄ አልፈርድም። ታዝዛ ነው፤ እኔም ታዝዤ ነው። እርስዎም ታዝዘው ይሆናል፤ ይህንን ግን ጠይቄዎት አላውቅም።

6ኛ. ያን ዕለት ከሰልፉ ስንመለስ ምሳዋን አቀረብኩላት፤ በልቻለሁ አለች። የት እንደበላች አልጠየቅኳትም። በማግስቱም በልቻለሁ አለች። ከዚያ ወዲህ ያላት ቃል ይኸው ነው፤ በልቻለሁ። ገበታ ስንቀርብ ትቆርሳለች፣ ታንከባልላለች፣ አንድ ሁለቴ ትቀምሳለች፤ የቀረውን ሳናያት ለጎረቤት ውሻ ታወጣለታለች፤ የቶይባ ልጅ ናት የነገረችኝ። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የእጇን አንጓ እየለካች ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ለምን እንደማትበላ ደጋግሜ ስጠይቃት፣ ከበላሁ አንቺን እመስላለሁ አለችኝ። በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ ሰዓት ስንት ነው ብለው ሲጠይቋት እንደምትመልስ ነበር።

በኅዳር ወር፣ ድርቁ በይፋ ከተነገረ በኋላ፣ እርስዎ ትምህርት ቤት ድረስ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ጠግቦ የሚያድር ሁሉ የሚበላው ከተራቡት ሕፃናት አፍ ነጥቆ መሆኑን ለልጆቹ አስረዱ። ልጄ ንግግርዎን በቃሏ ይዛ መጣች፤ ያለ ስህተት ትለዋለች፤ ጎበዝ ተማሪ ናት። ከዚያ ወደ ቶይባ ቤት ሄዳ፣ የእህትሽን ልጆች ምግብ የበላችው የእኔ እናት ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ቶይባ ወሎ ያለችውን የእህቷን ወሬ ካጣች ወራት ሆኗታል። እሷም ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ያንቺ እናት የበላችው ጎረቤት ያበላትን ነው፣ የእኔም አጃ አለበት አለቻት። እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ መመለስ መቻሌን እንጃ። ለሊሴ ግን አላመነቻትም፤ ቶይባ ንግግር የምታደርግ ሴት አይደለችማ።

ያላደረግነው የለም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ በሽታ አላገኙባትም፤ የቫይታሚን ክኒን ሰጥተው ሸኙን። አባቷ ከአሰብ ተምር አመጣላት፤ ለክፍል ጓደኞቿ አደለችው። እናቴ ከወለንጪቲ ተጠርታ መጣች፤ ማንኪያዋን ይዛ ተቀመጠች፤ «ኛዹ» አለቻት፤ ልጅቱም በጨዋነት፣ አመሰግናለሁ አያቴ፣ በልቻለሁ አለቻት። እናቴ እኔን በዚያች ቃል ከመቃብር አፋፍ መልሳኛለች፤ በልጅ ልጇ ላይ ግን አልሠራችላትም። ማንኪያውን ጠርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እኔም ራሴን ለመቀነስ ሞክሬያለሁ። እናቷ ስትከሳ ብታይ ፍርሃቱ ይለቃት ይሆናል ብዬ ነው። ከሳሁ፤ አሁን ቢያዩኝ ከመካከለኞቹ መስመር ያቆሙኝ ነበር። ነገር ግን በመንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ፣ ምነው ምን ሆንሽብን፣ ማን ዓይን ጣለብሽ ይሉኛል፤ ለሊሴም እኔ ባጎደልኩ ቁጥር እሷ የበለጠ ታጎድላለች። ይህንን እሽቅድምድም እኔ ነኝ የማቆመው ብዬ እንደገና መብላት ጀመርኩ። ስበላ ምንም አይጣፍጠኝም፤ ግን እበላለሁ።

7ኛ. ይህ ሁሉ አልፎ ዝም ብዬ ነበር። ሰሌዳው ድረስ ያመጣኝ የባለፈው ሳምንት ነገር ነው። ለመጪው የሜይ ዴይ በዓል የጂምናስቲክ ትርኢት የሚያሳዩ ልጆችን ለመምረጥ ትምህርት ቤት በሄዱ ጊዜ፣ ልጄን ከመስመር አውጥተው በክፍሉ ፊት አቁመው፣ የአዲሱ ትውልድ ሰውነት ይህንን ይመስላል፣ ስብ የለ፣ ስንፍና የለ፣ ተመልከቷት ብለው አሞገሷት። በመጀመሪያው ረድፍ ሆና ባንዲራ እንድትይዝ መረጧት። የማን ልጅ እንደሆነች እንዳላወቁ እገምታለሁ፤ ቢያውቁ ኖሮ ይህን ያህል በቤታችን ሴቶች አካል ላይ ባልተጠመዱ ነበር።

ልጄ የምሥራቹን ይዛ መጣች። ከመስከረም ወዲህ ፊቷ ሲፈታ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ፈታ ብላ ገባች። ተመረጥኩ አለችኝ። እንደ ያኔው ልትዘል ፈለገች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለለች፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዓይኗ ጨልሞባት ነበር። ሳቋን ግን አላቋረጠችም። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? እኔም እኮ ስመረጥ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ከሰልፉ በፊት እርስዎ በመረጡት ቀን ለምሳ ቤታችን ይምጡልኝ። ያንን ሳፋሪ ልብስዎን ለብሰው ይምጡ። ራህመቶ ሁለት ጊዜ አስፍቶታል ብለው እንዳይሳቀቁ፤ የእርስዎ ውፍረት የኃላፊነት ክብደት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲያውም እርስዎን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። በቀበሌያችን ውስጥ ወፍሮ ያልተሰደበ፣ ወፍሮ የሚጨበጨብለት ሰው አንድ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ልጄም የምታምነው እርስዎን ብቻ ነው። ስለ ውፍረት፣ ስለ መደብ፣ ስለ ምንም እንዲያስተምሯት አልለምንዎትም። ከገበታችን ተቀምጠው ያቀረብንልዎን ሽሮ ይብሉ፤ እሷ እያየችዎት ይብሉ፤ ከዚያ አንድ ጉርሻ ያጉርሷት። የእኔን በልቻለሁ ብላ ልትመልሰው ትችላለች፤ የሰብሳቢውን ጉርሻ ግን የሚመልስ ልጅ በዚህ ከተማ አልተወለደም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውንም ይድገሙላት። ሦስተኛውን እኔ እሞክራለሁ።

ሥራ በዝቶብዎት መምጣት ካልተመችዎ ከመጀመሪያው ረድፍ ያውጡልኝ። ምክንያት ከቸገርዎ በራስዎ መመዘኛ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ የእጇን አንጓ ከቶይባ አንጓ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ የልጄ ቀጥኗል። ድርቅ ታስመስላለች፤ እንግዶችም ይመጣሉ።

ውድ ጊዜዎን በአንዲት የቤት እመቤት ጉዳይ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የሳፋሪዎ ስፌትም እንዳይተረተር ከልቤ እየተመኘሁ፣ እስከ ምሳችን ድረስ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የሺዓለም ቀነዓ
ለአንድ ቀን የባላባት ሚስት የነበረች
የለሊሴ ገመቹ እናት

ማሳሰቢያ፦ ሲመጡ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ ውሃውንም እኔው አፈስልዎታለሁ፤ ደህና አድርገው ይታጠቡ። በልማድ ግራ እጅዎ ቀድሞ እንዳይነሳ አደራ፤ እሱ ለሰልፉ ይቆይልን፤ በእኛ ቤት የሚጎረሰው በቀኝ ነው። ጉርሻውንም ትንሽ አድርገው ይጠቅልሉት። ልጄ አፏን በሰፊው ስትከፍት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በመስከረም፣ በመኪናው አጠገብ ነው።